1959 ማንክስ ኖርተን 500፦ ቁጥሩ፣ ሞተሩና የውድድር ታሪኩ እንዴት ይጣራል?

ባለኮርቻ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ማንክስ ኖርተን 500 (30ኤም)፣ ማለትም የእንግሊዙ ኖርተን ፋብሪካ ለውድድር የሠራውን ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል፣ ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። ሻጩ የ1959 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው፣ ሞተሩና ሻንሲው አብረው ከፋብሪካ የወጡ ናቸው፣ በ1960 ደግሞ በማን ደሴት ሲኒየር ቲቲ (የ500 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ውድድር) ላይ ሮጧል ይላል። እጁ ላይ ያለው ማስረጃ የአንድ አሮጌ ደረሰኝ ፎቶ ኮፒና አንድ ተወዳዳሪ በማንክስ ላይ ሆኖ የተነሣው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው።

ሞተሩ ከአሥር ዓመት በላይ አልተነሣም። ማርሽ አስገብቶ የኋላ ጎማውን ሲያዞሩት ይዞራል፤ ካስተር ዘይቱ ግን ሳይወጣ እዚያው ቆይቷል። ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልይ? እውነተኛውን ከተገጣጠመው የሚለየው ምንድን ነው? ከገዛሁት በኋላስ በዛሬው ቤንዚን ላስነሣው እችላለሁ ወይ? ዕቃውን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ኪያቤ13

ወንድሜ፣ ከወረቀቱ በፊት ብረቱን እይ። የማንክስ ወረቀት ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ለመንገድ ስላልተሠራ ታርጋም ሊብሬም አልነበረውም፤ ስለዚህ ባለቤቶቹን በተራ የሚዘረዝር የመንግሥት መዝገብ አታገኝም። የሚገኘው የፋብሪካው የመላኪያ መዝገብ፣ የሻጮች ደረሰኝ፣ የውድድር ምዝገባና ፎቶ ብቻ ነው።

ከቁጥሩ ጀምር። የዚያ ዘመን 500 ማንክስ ቁጥሩ በ11ኤም ይጀምራል፤ 350ው፣ ማለትም 40ኤም፣ በ10ኤም። ከፋብሪካ ሲወጣ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር አንድ ነበር። አሁን አንድ ሆነው መገኘታቸው ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ መምቻ ያለው ሁሉ ቁጥር ሊመታ ይችላል። ቁጥሩ ያለበትን ገጽ በባትሪ መብራት ከጎን አብርተህ ተመልከት። የሞረድ ጭረት፣ ከአካባቢው ዝቅ ያለ ቦታ፣ ከሥሩ እንደ ጥላ የሚታይ ሌላ ቁጥር ካለ እዚያው አቁም። ከዚያ የእያንዳንዱን ቁጥር ቅርጽ፣ የ1ን እግር፣ የ8ን ወገብ፣ የ3ን ጫፍ፣ በትክክለኛነቱ ከሚታወቅ የዚያው ዓመት ማንክስ ጋር አስተያይ። ስልክህን በትክክል ከፊት ለፊት ይዘህ አንሣ፤ አዘንብለህ ካነሣኸው ማስተያየት አይቻልም።

ቀጥሎ ካርተሩ፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱን የሚይዘው የሞተሩ የታች ቤት። ሁለቱ ግማሾች አንድ ላይ ተገጥመው ስለሚቆረጡ ጥንድ ናቸው። ከታች፣ መጋጠሚያው አጠገብ፣ በሁለቱም ላይ የሚመሳሰል ትንሽ የጥንድ ምልክት ፈልግ። ቁጥሩ ያለበት ግማሽ ብቻ ኦሪጂናል ሆኖ ሌላው ግማሽ የተተካበት ሞተር ብዙ ነው። ፋብሪካው ካርተሩን ያወጣው ኤሌክትሮን ከሚባል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። አሉሚኒየም መሆኑን ከተጠራጠርክ ሻጩን አስፈቅደህ ቀለም የሌለበት ስውር ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ጣል። ማግኒዥየም ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ አሉሚኒየም ዝም ይላል። ጠብታውን ወዲያው በውኃ አጥበህ አድርቀው። ይህ ግን ዕድሜውን አይነግርህም፤ ዛሬም በማግኒዥየም የሚሠሩ አዳዲስ ካርተሮች አሉና።

ሻንሲው የነገሩ ዋና ክፍል ነው። ፌዘርቤድ የሚባለው ይህ ሻንሲ የሬክስ ማካንድለስ ሥራ ሲሆን ማንክስ ገዢዎች እጅ የገባው በ1951 ነው። የማንክሱ ቱቦ ሬይኖልድስ 531 ነው፤ መጋጠሚያውም በነሐስ የተበየደ ነው። የኖርተን የመንገድ ሞዴል የሆነው ዶሚኔተር ቅርጹ ተመሳሳይ ቢሆንም ቱቦው ተራ ብረት፣ ብየዳውም የብረት ነው። ማንክስ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የዶሚኔተር ሻንሲ ላይ የቆሙ ናቸው። መለየት ቀላል ነው፦ ከመቀመጫው ሥር በማይታይ አንድ መጋጠሚያ ላይ የጥፍር ያህል ቀለም በማስለቀቂያ አንሣ። ሥሩ ቢጫ ወርቃማ ከሆነ ነሐስ ነው፤ ግራጫ ከሆነ ብረት ነው። የመንገድ ሞተር ማቆሚያ እግር የሚታሰርበት ጆሮ ተቆርጦ የተሞረደ ቦታ ካለም በእጅህ ዳስሰህ ታገኘዋለህ።

ሞተርና ሻንሲ ለምን እንደተለያዩም ማወቅ ይጠቅምሃል። በ1950ዎቹ የ500 ሲሲ ፎርሙላ 3 መኪናዎች የማንክስን ሞተር በጣም ይፈልጉት ነበር፤ ኖርተን ግን ሞተሩን ለብቻው አይሸጥም ነበር። ስለዚህ የመኪና ተወዳዳሪው ሙሉውን ሞተር ሳይክል ገዝቶ ሞተሩን ያወጣና ሻንሲውን ይሸጣል። ብዙዎቹ ባዶ ሻንሲዎች የትራያምፍ ሞተር ገብቶባቸው ትራይተን ሆኑ። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የተለያየ ቁጥር ያለው ማንክስ ማግኘት ተፈጥሯዊ ነው። እኔ እንዲያውም ቁጥሩ ሳይመሳሰል በግልጽ የተነገረለትን፣ ቁጥሩ "በጣም ከተመሳሰለው" ይልቅ አምነዋለሁ።

የመላኪያ መዝገቡን በተመለከተ ለኖርተን ባለቤቶች ክበብ ጻፍ። ቁጥሩን ከፎቶ ጋር ስትልክላቸው ያ ቁጥር የትኛው ሞዴል እንደነበርና መቼ እንደወጣ ይነግሩሃል። ይህን ከክፍያ በፊት አድርገው።

እመቤት_ማርሽ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ሞተሩ ልጨምር።

መጀመሪያ፣ ሻጩ "ገፍተን እናስነሣው" ቢልህ እንቢ በል። ካስተር ዘይት ለዓመታት ሲቆም እንደ ሙጫ ይሆናል። የዘይት መንገዱን ይዘጋል፤ ፋሻዎቹን በቦያቸው ውስጥ ያጣብቃል። ፓምፑ ዘይት ሳያደርስ ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ቢዞር የቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) የታች ኩሽኔታ ያልቃል። ከታንኩ ወደ ካርተሩ ቀስ በቀስ የወረደ ዘይትም ይኖራል፤ በዚያ ላይ ገፍቶ ማስነሣት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ሳይነሣ የሚታየው ይህ ነው፦ ካንዴላውን አውጣ፣ ፒስተኑን ከላይኛው ጫፍ ትንሽ ዝቅ አድርግ፣ የነሐስ ወይም የእንጨት ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አሳርፈህ የኋላውን ጎማ ወደፊትና ወደኋላ በጥቂቱ አወዛውዝ። ክራንክ ሻፍቱ ተንቀሳቅሶ ፒስተኑ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ፣ "ቋ" የሚል ድምፅም ከተሰማህ፣ የታች ኩሽኔታው አልቋል። እርግጠኛ የምትሆነው ግን ሲሊንደሩ ሲነሣ ነው። ቢዬላው ወደ ጎን መንሸራተቱ ጤናማ ነው፤ ወደላይና ወደታች ግን ምንም ክፍተት ሊኖረው አይገባም። ያለ ክፍተትም ቢሆን ዝገት የበላቸው ሮለሮች በዝግታ ሲዞሩ በጣት ይሰማሉ፤ እንዲህ ከሆነ መቀየር ነው፣ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ካርተሩን ስትፈታ ለማጠቢያ ናፍታ ወይም ነጭ ጋዝ አትጠቀም፤ ካስተርን በደንብ አያሟሟም። አልኮል፣ ለምሳሌ የማቃጠያ ስፒሪት፣ ያሟሟዋል። አሲድ ያለበት ማጠቢያ ማግኒዥየሙን ይበላዋል፤ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ የአሉሚኒየም ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን)። ከታጠበ በኋላ ቀለም የሚያስገባውን የስንጥቅ መፈተሻ ርጭት ተጠቀም። የምታተኩርባቸው ቦታዎች፦ በካቴናው በኩል ያለው የዋናው ኩሽኔታ ቤት ዙሪያ፣ የሲሊንደሩ ረጃጅም ብሎኖች ሥር፣ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርባቸው የኋላ ጆሮዎች። ዋናው ኩሽኔታ ካርተሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሞቅ በቀዝቃዛው ከገባ ቤቱ ሰፍቷል ማለት ነው። የማግኒዥየም ብየዳ ይቻላል፤ ሆኖም ዘይት የጠጣ አሮጌ ቅይጥ ስለሆነ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። የማግኒዥየም ፍቅፋቂ እሳት እንደሚይዝና ውኃ እንደሚያባብሰው ለቶርኖ ቤቱ አስቀድመህ ንገር።

ቴስታታው ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። የማስወጫው ቫልቭ እግር እንደ ቱቦ ክፍተት አለው፤ በውስጡም ሶዲየም አለ። ሶዲየሙ ሲቀልጥ እየተንቀሳቀሰ ሙቀቱን ከቫልቩ ራስ ወደ እግሩ ያወርዳል። አሮጌ ቫልቭ በመጋዝ አትቁረጥ፣ እግሩንም አትሞርድ፤ ሶዲየም ውኃ ሲነካ ይፈነዳል። የፀጉር መርፌ ቅርጽ ያላቸው ሞላዎች ያለጥርጥር ይቀየሩ። አሮጌው ሞላ ሲሰበር ቫልቩ ይወድቃል፣ ከእሱ ጋር ፒስተንና ቴስታታ ይሄዳሉ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ሁለቱ ካም ሻፍቶች የሚዞሩት ከታች በሚመጣ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ በሾጣጣ ጥርሶችና ላይ ባሉት አምስት ጥርሶች ነው። ካም ሻፍቱ በአንድ ጥርስ ብቻ ቢሳሳት የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ እርስ በርስ ሊጋጩ ይችላሉ፤ ፒስተኑ ሳይነካቸው እንኳ። ስለዚህ ከገጠምክ በኋላ ካንዴላ ሳይኖር በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር በዝግታ አዙር። የሚይዝ ነገር ከተሰማህ በጉልበት አትለፈው።

ባለኮርቻ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። የነዳጁ ጉዳይ አሁንም ግልጽ አልሆነልኝም። የፋብሪካው ኮምፕረሽን (የነዳጅና አየር ድብልቁ የሚታመቅበት ልክ) ወደ 11 ለ 1 ነው ይባላል። ለዛሬው ቤንዚን እንዲስማማ ከሲሊንደሩ ሥር ሰሌዳ አስገብቶ ወደ 10 ለ 1 ማውረድ ይቻላል የሚሉ አሉ። ስንት ሚሊ ሜትር? ደግሞስ ሌላ ነገር አያበላሽም?

ኪያቤ13

ይቻላል፤ ስሌቱም አጭር ነው። ከ1954 ጀምሮ ያለው 500 ማንክስ 86 በ85.6 ሚ.ሜ ነው። የፒስተኑ ስፋት 58.1 ካሬ ሴ.ሜ፣ የሚጠርገው መጠን 497 ሲሲ ይሆናል። በ11 ለ 1 የማቃጠያ ክፍሉ 497 ÷ 10 = 49.7 ሲሲ ነው። በ10 ለ 1 ደግሞ 497 ÷ 9 = 55.2 ሲሲ። ልዩነቱ 5.5 ሲሲ ነው፤ ለ58.1 ስታካፍለው 0.95 ሚ.ሜ ይመጣል።

ነገር ግን ያንተ ሞተር 11 ለ 1 ይሁን አይሁን አታውቅም፤ ከስልሳ ዓመት በላይ ውስጥ ፒስተኑ ስንቴ እንደተቀየረ ማን ያውቃል። ስለዚህ ለካው። ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ሆነው አቁም፤ የካንዴላው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወደላይ እስኪያይ ሞተሩን አዘንብል፤ በመለኪያ ቱቦ ቀጭን ዘይት እስከ ካንዴላው የመጨረሻ ጥርስ ድረስ ሙላ። የገባው መጠን ነው መልስህ። በፒስተኑ ጠርዝ እንዳያልፍ መጀመሪያ ዙሪያውን ግሪስ ቀባው።

"ሌላ ነገር አያበላሽም?" ላልከው፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው። ሲሊንደሩ በ0.95 ሚ.ሜ ከፍ ሲል ቴስታታውም የካም ሻፍቱ ቤትም በዚያው ልክ ከፍ ይላሉ። ቀጥ ያለው ዘንግ ግን አልረዘመም። ዘንጉ ከላይና ከታች ካሉት ሾጣጣ ጥርሶች ጋር የሚገናኘው በምላስና በቦይ ተንሸራታች መጋጠሚያ ስለሆነ፣ ሰሌዳ ስታስገባ ምላሱ ከቦዩ ይወጣል፤ የሚይዘው ብረት ያንሳል። በተቃራኒው ሰሌዳ ብታወጣ ዘንጉ ይጨመቅና የሾጣጣ ጥርሶቹን ኩሽኔታዎች ይገፋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ሲሊንደሩ ስለሚረዝም ክፍተቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ በቀዝቃዛው ግን ዘንጉ በእጅ ትንሽ ወደላይና ወደታች መንቀሳቀስ አለበት። ይህን ሳያረጋግጡ ሰሌዳ የሚቀያይሩ ናቸው ጥርስ የሚበሉት። ሁልጊዜ ቴስታታው በሙሉ ጥብቀቱ ታስሮ ለካ፤ ጓርኒሲዮኑ ሲጨመቅ ልኩ ይቀየራልና።

ሞላና_ቫልቮላ

አጭር ጭማሪ ስለ ማስነሣቱና ስለ ካርቡራተሩ። አማል ጂፒ ካርቡራተር ዝግ ያለ ዙር አይዝም፣ ለዚያ አልተሠራም። የነዳጅ ቋቱ ለብቻው የተንጠለጠለ ስለሆነ ከፍታው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲለወጥ በሁሉም ዙር ላይ የነዳጁ መጠን ይለወጣል። ጄት ከመቀየርህ በፊት ቋቱ ላስቲኩ ላይ በትክክለኛው ከፍታ መቀመጡን አረጋግጥ።

ዋናውን ጄት ከሚበዛ ነዳጅ ጀምረህ ነው የምትቀንሰው። በሙሉ ጋዝ፣ በመጨረሻው ማርሽ፣ ረጅም ቀጥታ ላይ ሂድ፤ ጋዙን ሳትለቅ እሳቱን አጥፋ፣ በዚያው ቅጽበት ፍሪሲዮኑን ያዝ፣ ተንከባለልና ቁም። ካንዴላውን አውጣና ነጩን ሸክላ ወደ ሥሩ ተመልከት። ጋዝ ለቀህ ወደ ጋራዥ ተመልሰህ የምታየው ካንዴላ የሚነግርህ ስለ መመለሻው መንገድ ብቻ ነው።

ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው የማግኔቶው የነጥቦች ክፍተት 0.30 ሚ.ሜ ነው። አሮጌ ማግኔቶ ቀዝቃዛ ሆኖ ጥሩ እሳት ይሰጥና ሲሞቅ ይጠፋል፤ ምክንያቱ የጥቅሉ ሽፋን ማርጀት ነው። ስለዚህ ሳይሞቅ አትፈትነው።

ካስተሩን ከማዕድን ዘይት ጋር አትቀላቅል፣ ይቋጥራል። የዘይቱ ታንክ በእጅ ሲነካ ለብ እስኪል ድረስ ጋዝ በጣም አትክፈት። ኦሪጂናል ክራንክ ሻፍትና ቢዬላ ካለህ ከ7,000 ዙር አትለፍ። ኃይሉ የሚወጣው 7,200 ገደማ ቢሆንም አንድ የሳተ ማርሽ ብቻ ይበቃል።

የማን_ደሴት_መዝገብ

ስለ ውድድር ታሪኩ፣ ምክንያቱም ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

በመጀመሪያ የ1960ውን ሲኒየር ቲቲ እናውቃለን። ያሸነፈው ጆን ሰርቲስ በኤምቪ አጉስታ ነው፤ ሁለተኛ ጆን ሃርትል በዚያው ማርካ፤ ሦስተኛ ማይክ ሄልውድ በኖርተን። በዚያው ውድድር ዴሪክ ሚንተር በማንክስ 101.05 ማይል በሰዓት (162.6 ኪ.ሜ) ዙር አስመዝግቦ በአንድ ሲሊንደር 100 ማይልን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ውድድሩን ግን አልጨረሰም። በቀጣዩ ዓመት፣ 1961፣ የጋሪ ሆኪንግ ኤምቪ ሲቋረጥ ሄልውድ በማንክስ በ100.60 ማይል አማካይ ፍጥነት አሸነፈ፤ ቦብ ማኪንታየር በኖርተን ሁለተኛ ወጣ። ፋብሪካው እነዚህን ሞተሮች ለማንም ገዢ የሸጠ መሆኑ ነው ማንክስን በዓይኔ ከሁሉ የሚያስበልጠው። ባለ አራት ሲሊንደሩን የጣሊያን ሞተር ማንም ሄዶ መግዛት አይችልም ነበር፤ ማንክስን ግን ገንዘብ ያለው የግል ተወዳዳሪ ገዝቶ በዓለም ሻምፒዮና ላይ ይሰለፍበት ነበር። ጃክ አኸርን በ1964 የፊንላንድን ግራንድ ፕሪ አሸንፎ በ500 ሻምፒዮናው ሁለተኛ የወጣው እንዲህ ነው። ጎድፍሪ ናሽ ደግሞ ምርቱ ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ኦፓቲያ ላይ የዩጎዝላቪያን ግራንድ ፕሪ በማንክስ አሸነፈ።

አሁን ወዳንተ ሞተር። የቲቲ ውጤት መዝገብ ተወዳዳሪውን፣ ማርካውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይሰጥሃል። የሞተር ቁጥር አይሰጥህም። ስለዚህ "ይህ ሰው በ1960 በኖርተን ሮጧል" የሚለውን በአምስት ደቂቃ ታረጋግጣለህ፤ "የሮጠው በዚህኛው ነው" የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ተወዳዳሪ በአንድ ወቅት ውስጥ ሁለት ሞተር ሊጠቀም፣ ከሌላ ሊዋስ ይችል ነበር። ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው፦ የተወዳዳሪው ስምና 11ኤም ቁጥሩ አብረው ያሉበት ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ። ሻጩ የሰጠህን ፎቶ ኮፒ አስቀምጠህ ዋናውን ወረቀት ጠይቅ። ፎቶ ኮፒ ላይ ቁጥር ሲቀየር አይታይም።

ፎቶውን ደግሞ በትልቁ አግኘው፤ ሻጩ የሰጠህ ትንሿ አትጠቅምም። የማን ደሴትን ውድድሮች ያነሡ የፎቶ ማኅደሮች የተወዳዳሪውን ቁጥርና ዓመቱን ስትነግራቸው ከዋናው ኔጋቲቭ አትመው ይሸጣሉ። ከዚያ የማይቀያየሩ ነገሮችን አስተያይ፤ ታንክ፣ መቀመጫና ጎማ ይቀያየራሉ፣ ዋጋ የላቸውም። የምትፈልገው የሻንሲው ላይ በእጅ የተጨመረ ጆሮ፣ የብየዳ ጉብታ፣ ካርተሩ ላይ የተጠገነ ጠባሳ፣ የፌሪንግ ማሰሪያ የተበሳበት ቦታ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ምልክቶች ከገጠሙ ጥሩ ነው። አንድም ካልገጠመ ለታሪኩ ምንም አትክፈል፤ ለማንክሱ ብቻ ክፈል።

የፊት ፍሬኑን ደግሞ እይ። ሁለት ጎን ያለው 7 ኢንች ፍሬን የመጨረሻዎቹ ሞዴሎች ነው። በ1960 ፎቶ ላይ ይህ ፍሬን ከታየህ የፎቶው ዓመት ወይም ታሪኩ ተሳስቷል። ያንተ ላይ ቢኖር ግን ክፋት የለውም፤ ብዙ ሰው ኋላ ላይ አሻሽሎ ገጥሞታል።

ሞላና_ቫልቮላ

አንድ ነገር ግን ልቃወም። ኦሪጂናሉን ካርተር ይዞ መሮጥ ብልህነት አይመስለኝም። ሞልናር የሚባለው የማንክስ ሠሪ የሚያወጣው ዓይነት አዲስ ሞተር ገጥመህ ሩጥ፣ ኦሪጂናሉን ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው። ካርተሩ አንዴ ቢዬላ ከወጋው በገንዘብ አይመለስም።

እመቤት_ማርሽ

በከፊል እስማማለሁ። ለውድድር ከሆነ አዎ። ለሰልፍና ለማሳያ ዙር ግን አዲስ ቢዬላና ፒስተን በኦሪጂናሉ ካርተር ውስጥ ገብቶ፣ ዙሩ 6,000 ላይ ከተገታ፣ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ስሌቱ ይኸው፦ በ85.6 ሚ.ሜ ምት 7,200 ዙር ላይ የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት 20.5 ሜትር በሰከንድ ነው፤ 6,000 ላይ 17.1። በተቃራኒው ከ1954 በፊት የነበረው ረጅም ምት፣ 100 ሚ.ሜ፣ ያንኑ 20.5 የሚደርሰው 6,150 ላይ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሲነሣ ምቱን ራስህ ለካ። 1959 ተብሎ 100 ሚ.ሜ ከወጣ ከአሮጌ ሞተር የተሰበሰበ ነው፤ የምታዞርበት ወሰንም፣ የምትከፍለው ዋጋም ይለወጣል።